ስድስት ስድስት ሆነን ወደ ባሕር
(መቀሌ በተካሄደው የምሩቃን ማኅበራችን የመገናኛ ቀን ላይ የቀረበ ንግግር)

ክቡራን መምህሮቻችን፣ የማኅበራችን የሥራ አመራር አባላት፣ ውድ የባች ጓደኞቼ፤

በአማርኛ የምናገረው እንደ ድሯችን ነው። ከጅማም፣ ከጎንደርም፣ ከሐረርም፣ ከአዲስ አበባም፣ ከአዲግራትም መጥተን አንድ ዶርም ስንገባ የተግባባንበት ቋንቋ ስለሆነ ነው። ትግርኛችሁን በሽተኛ አልጋ ዳር እንደተማራችሁት አውቃለሁ። “ኣበይ የሕምመኩም?” ከምትለው ያላለፋችሁም አላችሁ፤ ስም አልጠራም። ትናንት ማታ ሮማናት አካባቢ ቡና ስንጠጣ ያንኑ ጥያቄ አስተናጋጇን የጠየቃት ሰው ራሱን ያውቃል።

ኮሚቴው የሰጠኝ ርዕስ የቀጣዩ መገናኛችን የጉዞ ዕቅድ ነው። ብዙዎቻችሁ ስለ ስኳር ሕመም ወይም ስለ ተከታታይ ሙያ ትምህርት የማወራ መስሏችሁ ማስታወሻ ደብተር አውጥታችኋል። መልሳችሁ ክተቱት፤ ዛሬ የማወራው ስለ ባቡር ነው።

ነገሩ የተጀመረው በቴሌግራም ግሩፓችን ነው። ውጭ አገር የሚኖር ጓደኛችን አንድ ሌሊት የቅንጦት ባቡር ፎቶ ለጠፈ። ነጭ ጨርቅ የተነጠፈበት ጠረጴዛ፣ የናስ መብራት፣ በመስኮቱ በኩል ሰማያዊ ባሕር። ከሥሩ “ቀጣዩ መገናኛችን እንዲህ ይሁን” ብሎ ጻፈ። ከዚያ ግሩፑ በሳቅ ተሞላ። አንዱ “በየትኛው ባቡር?” አለ። ሌላዋ “በየትኛው ደመወዝ?” አለች። ሦስተኛው “በየትኛው ባሕር?” ብሎ ጨረሰው። አራተኛ ጥያቄም ነበረ። አንድ ሰው ጽፎት ወዲያው አጠፋው፤ ያያችሁት ግን አትጠፉም። “ከማን ጋር?” ነበር የሚለው።

እኔ አራቱንም ጥያቄ እንደ ራውንድ ጥያቄ ይዤ ሰነበትኩ። በተራ ልመልስ።

መጀመሪያ ባቡሩ። ፎቶው የስፔን ባቡር ነው፤ ትራንስካንታብሪኮ ይባላል። ከ1983 ጀምሮ በሰሜን ስፔን፣ ተራራው ከባሕሩ ጋር በተጠጋበት አገር እየተመላለሰ መንገደኛ ያንሸራሽራል። ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመቶች፣ ካልተናገርኩ በስተቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። መንገደኛው አልጋው ላይ ያድራል፣ ምግቡን ፉርጎው ውስጥ ይበላል፣ ቀን ቀን እየወረደ ከተማ ያያል። ስለዚህ ባቡር ሳነብ ያስገረመኝ ቅንጦቱ አይደለም፤ የመጣበት ቤት ነው። ሀዲዱ ጠባብ ነው፤ ስፋቱ አንድ ሜትር ብቻ። ባቡሩ መጀመሪያ የሄደበት የላ ሮብላ መስመር በ1894 የተከፈተ የድንጋይ ከሰል መስመር ነበር። ሥራው ከሊዮን ተራሮች ወደ ቢልባኦ የብረት ማቅለጫዎች ከሰል ማጓጓዝ ነበር። የከሰሉ ዘመን ሲያልፍ አሮጌው ሀዲድ የሚጣል ነገር መስሎ ነበር። አልጣሉትም፤ አልጋና ማዕድ ጨመሩበት። ደቡብ አፍሪካ ውስጥም ሮቮስ ሬይል በ1989 የተነሣው አሮጌ ፉርጎዎችን እየገዛና እየጠገነ ነው።

አሁን የእኛን እዩልኝ። ያ የከሰል መስመር በተከፈተበት በዚያው በ1894 ዓፄ ምኒልክ ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የምድር ባቡር ሥራ ፈቃድ ሰጡ። ሥራው ከጅቡቲ በኩል በ1897 ተጀመረ። የሀዲዱ ስፋት? አንድ ሜትር፤ ልክ እንደ ስፔኑ። የመጀመሪያው ሐሳብ ሐረር መግባት ነበር፤ ተራራውን መውጣት ገንዘብ ስለሚበላ መስመሩ በግርጌው እንዲያልፍ ተደረገ። በ1902 መጨረሻ ላይ ባቡሩ የደረሰበት ሜዳ አዲስ ሐረር ተባለ፤ ኋላ የምናውቃት ድሬዳዋ ሆነች። ከዚያ ኩባንያው ከሰረ፤ ሥራው ቆመ፤ አዲስ ኩባንያ ተቋቁሞ ቀጠለ። ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነው። ከፈቃድ እስከ ከተማ 23 ዓመት ማለት ነው። እንግዲህ ስፔሻሊቲ ረዘመብኝ የምትሉ ተጽናኑ።

መንገዱ ወደ 784 ኪሎ ሜትር ነበር። በድሮው ጊዜ ባቡሩ ሌሊት አይሄድም ነበር፤ መንገደኛው ሦስት ቀን ይጓዝና አንድ ሌሊት ድሬዳዋ፣ አንድ ሌሊት አዋሽ ያድራል። አዋሽ ላይ ለዚያው ተብሎ የተሠራው ቡፌ እስከ ዛሬ ስሙ አለ። የስፔኑ የቅንጦት ባቡርም ሌሊት ሌሊት ጣቢያ ላይ ይቆማል፤ መንገደኛው ሳይናወጥ እንዲተኛ ነው። ያኔ እኛ በድህነታችን የቆምነውን ዛሬ እነሱ በብዙ ገንዘብ ይሸጡታል።

ይህ መስመር የታሪካችን ደም ሥር ነው። የለገሀር ጣቢያ ሕንፃ በ1929 ተመረቀ፤ ስሙን እንኳን ከፈረንሳይኛው ወስደን “ለገሀር” ብለን አማርኛ አድርገነዋል። ከፊት ለፊቱ የቆመው የይሁዳ አንበሳ ሐውልት በጣሊያን ወረራ ጊዜ ሮም ተወስዶ ከስንት ዓመት በኋላ ወደ ቦታው ተመለሰ። ዓፄ ኃይለ ሥላሴ በግንቦት 1936 ወደ ስደት የወጡት በዚህ ባቡር ወደ ጅቡቲ ወርደው ነው። የንጉሠ ነገሥቱ ፉርጎዎችም በለገሀር ተጠብቀው ለብዙ ዓመት ቆይተዋል። ስለዚህ “የቅንጦት ባቡር የፈረንጅ ነገር ነው” ያላችሁ፣ እኛም ነበረን። ተሳፋሪው አንድ ቤተሰብ መሆኑ ብቻ ነበር ችግሩ።

ሐኪም ነኝና አንድ ነገር ሳልጨምር አላልፍም። ባቡሩ አዲስ አበባ በገባ በዓመቱ፣ በኅዳር፣ ያ የዓለም ኢንፍሉዌንዛ መጣ። አያቶቻችን የኅዳር በሽታ ያሉት ነው። ከወደቡ በባቡሩ መስመር እንደገባ ይነገራል። ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ እየተጠረገ የሚታጠነው የዚያ ትዝታ ነው። መንገድ ጨውም ጨርቅም ያመጣል፤ በሽታም ያመጣል። እኛ ግን በሽታ መጣ ብለን መንገድ ዝጉ አንልም፤ በር ላይ ቆመን እንመረምራለን።

ያ አሮጌ መስመር ዛሬ መንገደኛ ይዞ ከአዲስ አበባ ጅቡቲ አይሄድም። በአጠገቡ አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ተዘርግቷል። በጥቅምት 2016 በእኛ በኩል፣ በጥር 2017 በጅቡቲ በኩል ተመረቀ፤ መደበኛ አገልግሎት የጀመረው በ2018 መጀመሪያ ነው። ርዝመቱ ከ750 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። መነሻው ለገሀር አይደለም፤ ከከተማው ዳር ፉሪ ለቡ ነው። ናስና ነጭ ጨርቅ የለውም። ግን አንድ ነገር አለው፤ አልጋ ያላቸው ፉርጎዎች አሉት። መደበኛው አልጋ በአንድ ክፍል ስድስት ነው፤ ሦስት በዚህ፣ ሦስት በዚያ፣ ፊት ለፊት። ይህችን ስድስት የምትል ቁጥር ያዙልኝ፤ እመለስባታለሁ።

ሁለተኛው ጥያቄ፣ “በየትኛው ባሕር?” ነው። የማቀርበው የጉዞ ዕቅድ እንዲህ ነው።

በመጀመሪያው ቀን አዲስ አበባ እንሰበሰባለን። ከመቀሌ የምንሄደው በአውሮፕላን ነው። ከሰዓት በኋላ ለገሀር ሄደን አሮጌውን ጣቢያና አንበሳውን እናያለን። በሁለተኛው ቀን በጠዋት ከፉሪ ለቡ እንነሣለን። ቢሾፍቱ፣ ሞጆ፣ አዳማ፤ ከዚያ አገሩ ይከፈታል። መተሐራ ስንደርስ በስተግራ የፈንታሌ ተራራ፣ በአጠገባችን የበሰቃ ሐይቅ። ሐይቁ በየዓመቱ እየሰፋ አሮጌውን መንገድና ሀዲድ ሲያስቸግር የኖረ ነው። ከዚያ አዋሽ፣ ሚኤሶ፣ ማምሻውን ድሬዳዋ። ሦስተኛውን ቀን ድሬዳዋ እንውላለን። የዚህ ጉዞ የቅርስ ክፍል እሱ ነው። የድሮው ምድር ባቡር ወርክሾፕ እዚያ አለ፤ አሮጌዎቹ ማሽኖች፣ ሎኮሞቲቮች፣ ፉርጎዎች። ኩባንያው የሠራውን ከዚራ ሰፈርን ከዛፎቹ ጥላ ሥር በእግር እናያለን። ድሬዎች ለእንግዳ እንዴት እንደሆኑ የሐረርና የድሬ ልጆቻችን ይነግሯችኋል።

በአራተኛው ቀን አዲጋላን፣ ደወሌን አልፈን ድንበር እንሻገራለን፤ ዓሊ ሳቢህ፣ ሆልሆል፣ ከዚያ ናጋድ። ሆልሆል ሸለቆ ላይ የአሮጌው መስመር የብረት ድልድይ አለ፤ ካሜራችሁን አዘጋጁ። በአምስተኛው ቀን ባሕር። የታጁራ ባሕረ ሰላጤ ከኅዳር እስከ ጥር ግዙፉ ዓሣ፣ ሻርክ ሆኖ ሰው የማይበላው ዓሣ ነባሪ ሻርክ የሚታይበት ነው። ከከተማው ወጣ ስንል ደግሞ አሳል ሐይቅ አለ፤ ከባሕር ጠለል በታች 155 ሜትር፤ ዳር ዳሩ ነጭ ጨው። የመቀሌ ልጆች እዚያ ስትደርሱ አትገረሙም። ዳሎልን የሚያውቅ፣ የግመል ቅፍለት አሞሌ ጭኖ በበራህሌ በኩል ወደ ከተማችን ሲገባ ያየ፣ ጨው ሲያይ አገሩ ይመስለዋል። በስድስተኛው ቀን በአውሮፕላን እንመለሳለን።

ጊዜው ከኅዳር እስከ ጥር ይሁን። በሰኔና በሐምሌ ጅቡቲ ከ40 ዲግሪ በላይ ነው፤ ከመካከላችን የደም ግፊትና የሽንት መድኃኒት የሚወስድ ሰው የለም ብዬ አልሸነግላችሁም። አርባን አልፈናል። ትልልቆቹ መምህሮቻችንም አብረውን እንዲሄዱ እንፈልጋለን።

ጤናን ካነሣሁ፣ ትንኝ። አኖፌለስ ስቴፈንሳይ የምትባለው የእስያ የወባ ትንኝ በአፍሪካ መጀመሪያ የተገኘችው በ2012 ጅቡቲ ውስጥ ነው። በዚያ ዓመት በአገሩ የተመዘገበው የወባ ሕመምተኛ 27 ነበር፤ በ2020 ከ73,000 በላይ ሆነ። በ2016 በአገራችን ቀብሪ ደሃር ተገኘች፤ በ2022 ድሬዳዋ ላይ ወረርሽኝ አስነሣች። እኛ የለመድናት ትንኝ ገጠር ረግረግ ትወዳለች፤ ይህችኛዋ ከተማ ውስጥ በሮቶና በበርሜል ውሃ ትራባለች፤ በበጋም አትጠፋም። ስለዚህ “በጋ ነው፣ ከተማ ነው” ብላችሁ አትዘናጉ። መከላከያ ክኒን፣ የትንኝ ማባረሪያ ቅባት፣ ሙሉ እጅጌ ልብስ ይያዝ። የቢጫ ወባ የክትባት ካርድ ይዘጋጅ። የመጀመሪያ ርዳታ ሻንጣውን ማን ይይዛል የሚለውን ግን ዛሬውኑ እንወስን። ሐኪም በበዛበት ባቡር ሻንጣው እንደሚረሳ ከልምድ አውቃለሁ፤ ሁሉም “ሌላው ይዞታል” ይላል።

አሁን ግን አንዳንዶቻችሁ በልባችሁ የምትሉትን ልበለው። “ባሕሩ ለእኛ ለመቀሌዎች እዚያ ነው ወይ?” እውነት ነው። ከዚህ ከተማ ቀጥታ ቢለካ ምጽዋ ከ250 ኪሎ ሜትር አይበልጥም። እኛ ወደ ደቡብ በረን፣ ወደ ምሥራቅ በባቡር ዞረን፣ ከሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዘን ባሕር ልናይ ነው። የሚገርመው፣ ለባሕር ጉዞ ከሁሉም የሚበልጠው ባቡር ያለው እዚያው ቅርባችን ነው። የምጽዋ አስመራ መስመር በ1887 ከምጽዋ ተጀምሮ በ1911 አስመራ ደረሰ። 118 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው፤ በዚያች ርቀት ግን ከባሕር ጠለል ተነሥቶ ከ2,300 ሜትር በላይ ይወጣል። በዋሻ፣ በድልድይ፣ በተራራ ወገብ እየተጠማዘዘ። በ1918 አካባቢ ደግሞ የዳሎልን ፖታሽ ለማውጣት ከመርሳ ፋጡማ ወደብ የተሠራ ትንሽ መስመር ነበር፤ ከዳሎል 28 ኪሎ ሜትር ሲቀረው ቆመ። ባሕሩ እኛ ጋ ሊመጣ ነበር፤ ጥቂት ቀረው።

ከዚህ ሁሉ ልቤን የያዘው ግን የአስመራው መስመር ከጦርነቱ በኋላ የሆነው ነው። መስመሩ በ1970ዎቹ ሥራ አቆመ። በጦርነቱ ዘመን ሀዲዱ እየተነቀለ ለምሽግ ሥራ ዋለ፤ ብረቱ ጣሪያና ድጋፍ ሆነ። ከ1994 ጀምሮ መልሶ መገንባት ሲጀመር፣ ያረጁ ጡረተኛ የባቡር ሠራተኞች፣ ሰባ የሞላቸው ሽማግሌዎች፣ ከየቤታቸው ተጠርተው መጡ። ሙያው የቀረው በእነሱ እጅ ብቻ ነበር። ብረቱን ከየምሽጉ እየለቀሙ እንደገና ሀዲድ አደረጉት። በ2003 ባቡሩ ከባሕር እስከ አስመራ ወጣ። አሮጌዎቹ የእንፋሎት ሎኮሞቲቮች ሳይቀሩ ሠሩ።

እናንተዬ፣ ይህንን ያነበብኩት ሌሊት ዲዩቲ ላይ ነበር፤ አንብቤ ዝም ብዬ ቀረሁ። ምሽግ የነበረ ብረት ተመልሶ ሀዲድ ይሆናል። ሽማግሌ ያስፈልገዋል፤ ዘጠኝ ዓመት ይወስዳል፤ ግን ይሆናል።

መስከረም 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ዛላምበሳ ላይ ድንበሩ ሲከፈት ሰው ተቃቅፎ ሲያለቅስ አይተናል። ብዙ ሳይቆይ ተመልሶ ተዘጋ። ከዚያ የሆነውን አልዘረዝርም፤ እዚህ አዳራሽ ያለ ሁሉ የየራሱን ያውቃል። ከሀራ ገበያ ወደ መቀሌ በ2015 የተጀመረው የራሳችን ባቡርም ከሁለት መቶ ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ ታስቦለት፣ ሳያልቅ ቆመ። ስለዚህ የጅቡቲውን ጉዞ የማቀርበው ዛሬ የሚቻለው እሱ ስለሆነ ነው። የምጽዋውን ግን ከዝርዝሩ አላወጣሁትም። ከዕቅዱ በሁለተኛው ገጽ፣ “ሰላም ሲሆን” በሚል ርዕስ ሥር አለ። ኮሚቴው ይሰረዝ ቢለኝም አልሰርዘውም።

ሦስተኛው ጥያቄ፣ ገንዘብ። በወረዳ ሆስፒታል የሚሠራ ጓደኛችን ደመወዝና ውጭ አገር በሚሠራ ጓደኛችን ደመወዝ መካከል ያለውን ርቀት በባቡር አንጨርሰውም። ሐሳቤ ይህ ነው። ሁሉም የሚችለውን ለሁለት ዓመት በየወሩ ያስቀምጥ። ማን ስንት እንዳስገባ የምታውቀው ገንዘብ ያዣችን ብቻ ትሁን፤ ጉዞው ላይ ግን ሁሉም አንድ ዓይነት አልጋ ይተኛ፣ አንድ ዓይነት ምግብ ይብላ። “እኔ የራሴን ከፍዬ በተሻለው እሄዳለሁ” የሚል ሰው ካለ፣ እሺ፣ በአውሮፕላን ቀድሞን ይሂድና ናጋድ ጣቢያ ውሃ ይዞ ይጠብቀን።

ከዚህ የሚከብደውን ተቃውሞ ያነሡልኝ እዚህ የቀሩ ባልደረቦቼ ናቸው። “ተፈናቃይ ቤቱ ሳይመለስ፣ መድኃኒት መግዣ ያጣ በሽተኛ በራችን ላይ ቆሞ፣ እኛ ባሕር ልናይ?” አሉኝ። መልስ አጣሁ፤ እውነት ስለሆነ። ሁለት ሳምንት አሰብኩበት። አሁን የማቀርበው ደንብ ይህ ነው፤ ለእያንዳንዱ ተጓዥ የሚወጣው ገንዘብ ያህል፣ እኩል በእኩል፣ መክፈል ለማይችሉ ሕሙማን መድኃኒት መግዣ ይቀመጥ። አንድ ሰው ለጉዞ፣ አንድ ሰው ለሕክምና። ይህ ዋጋውን እጥፍ ያደርገዋል። ጉዞውንም ያዘገየዋል። ይዘግይ። ገንዘቡ ካልሞላ የመድኃኒቱ ይቅደም፤ እኛ ቢሾፍቱ ድረስ ሄደን እንመለሳለን።

አራተኛው ጥያቄ ቀረ። “ከማን ጋር?”

ያንን ጥያቄ ጽፋ ያጠፋችው እኔ ነኝ።

የጻፍኩበትን ምክንያት ልናገር። ስልክ በተዘጋባቸው ወራት እኔ እዚህ ነበርኩ። ስለነዚያ ሌሊቶች ብዙ አላወራም፤ ጓንት አጥበን የተጠቀምንባቸው፣ መድኃኒት እያለቀ ለማን ይሰጥ ብለን የቆምንባቸው ሌሊቶች ነበሩ። ያኔ እናንተ ሌላ አገር እንዳላችሁ ሆናችሁብኝ። ስልኩ ሲከፈት ግሩፑን ከፈትኩ፤ በእነዚያ ወራት የተጻፈውን ሁሉ ወደ ላይ እየሄድኩ አነበብኩ። አንዳንዱን ባላነበብኩት እላለሁ። የአንድ ሰው ጽሑፍ ግን በተለይ ቀረብኝ። ስሙን አልጠራም፤ እዚህ አለ። ስድስት ዓመት አብረን የተማርን፣ ኢንተርን ሆነን አንድ ሌሊት ስምንት እናት አብረን ያዋለድን ሰው ነው። መልስ አልጻፍኩለትም። ከግሩፑም አልወጣሁም። ዝም አልኩ፤ ዝምታዬ አራት ዓመት ሆነው።

ኋላ ከሌላ ሰው እንደሰማሁት፣ እሱም በዚያው ጊዜ ወንድሙን ቀብሮ ነበር። የጻፈውን የጻፈው በዚያ ሰሞን ነው። ይህ የጻፈውን ትክክል አያደርገውም። እኔም እንዴት እንደሆነ ሳልጠይቀው መቅረቴን ትክክል አያደርገውም። ሐኪም ታሪክ ሳይጠይቅ ምርመራ አይጽፍም፤ መምህሮቻችን ይህንን ስንት ጊዜ ነግረውናል? እኔ ግን ሳልጠይቅ ጻፍኩ፤ በልቤ ጻፍኩ።

“ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት” ይባላል። ሳልን ማከም ተምረናል፤ ቂሙን የሚያክም ዲፓርትመንት አልነበረንም።

እንግዲህ ወደ ስድስት ልመለስ። አንደኛ ዓመት አናቶሚ ክፍል ስንገባ በስም ፊደል ተራ ስድስት ስድስት አድርገው በአንድ አስከሬን ዙሪያ አቆሙን። ማንም ጓደኛውን አልመረጠም። የትግራይ ልጅ ከወሎ ልጅ፣ የጉራጌ ልጅ ከአሩሲ ልጅ፣ ፊደሉ እንዳመጣው ቆምን። የፎርማሊኑ ሽታ ዓይናችንን ሲያቃጥለው ያለቀስነው አብረን ነው፤ አንዷ ስትወድቅ ደግፈን ያወጣናት አብረን ነው። ዓመቱ ሲያልቅ እነዚያ ስድስቶች ወንድምና እኅት ሆነው ነበር። እስከ ዛሬ “ማን ነው?” ስንባል “የጠረጴዛዬ ልጅ ነው” እንላለን።

ልመናዬ ይኸውና። ባቡሩ ላይ የአልጋ ድልድሉ በዚያ በአናቶሚ ዝርዝር ይሁን። የአንድ ጠረጴዛ ስድስት ልጆች በአንድ ክፍል። መቀያየር አይፈቀድ። ዝርዝሩን ከአሮጌ ደብተሬ ውስጥ አግኝቼዋለሁ፤ ከዚህ ዓመት መጽሔት ጋር ቅጂው ይታደላችኋል። እኔና ያ ሰው ጠረጴዛ ሦስት ነን። ከአዲስ አበባ እስከ ድሬዳዋ ያለው መንገድ ከጠዋት እስከ ማምሻ ነው። ፊት ለፊት ተቀምጦ ያን ያህል ሰዓት ዝም ማለት ይቻል እንደሆነ እናያለን። እኔ እንደማልችል አውቃለሁ። እሱም ቀድሞ ከተናገረ ቡናው በእኔ ነው፤ ሞጆ ላይ።

ዝርዝሩ ላይ መስቀል ያደረግሁባቸው ስሞች አሉ። ታውቋቸዋላችሁ። ሦስቱን አብረን ቀብረናል፤ አንዱን የት እንደተቀበረ እንኳን አናውቅም። የእነሱንም ቦታ ኮሚቴው ትኬት ይቁረጥለት ብዬ እጠይቃለሁ። አልጋው ባዶ ይሂድ። ያ ክፍል አምስት ወይም አራት ሆኖ ይሂድ፤ ስድስተኛው ማን እንደነበረ እየተነጋገረ ይሂድ። ማንም ሻንጣውን እዚያ ላይ እንዳያስቀምጥ።

የቅንጦት ጉዞ ምን ማለት እንደሆነ ለዚያ ፎቶ ለለጠፈው ጓደኛችን እዚህ ልመልስለት። እኛ ሐኪሞች ከሁሉ የጎደለን ጊዜ ነው። ከሰው ጋር የምንቀመጠው አሥር ደቂቃ ነው፤ ያውም በር እየተንኳኳ። ተራ ሳይጠራብን፣ ስልክ ሳይጮህብን፣ ከምናውቀው ሰው ፊት ለፊት አንድ ሙሉ ቀን መቀመጥ፣ በመስኮቱ ፈንታሌ ሲያልፍ፣ አዋሽ ሲያልፍ ማየት፤ ለእኔ ከዚህ የበለጠ ቅንጦት የለም። የናስ መብራቱ ይቅርብን።

ፓስፖርት የሌላችሁ ከአሁኑ አውጡ። የቪዛውንና የባቡሩን የጊዜ ሰሌዳ የሚያጣራ ሦስት ሰው ዛሬ ከሰዓት በኋላ እንመርጣለን። የስም መመዝገቢያው ወረቀት በር አጠገብ ካለው ጠረጴዛ ላይ ነው። ሁለት ዓምድ አለው፤ አንዱ “እሄዳለሁ” ይላል፣ ሁለተኛው “ለመድኃኒቱ ብቻ እከፍላለሁ” ይላል። ሁለቱም ክቡር ናቸው። በጠረጴዛ ቁጥራችሁ ተመዝገቡ።

ጠረጴዛ ሦስት ላይ እኔ ስሜን ጽፌያለሁ። ከሥሩ ቦታ አለ።

መምህሮቻችንን ዕድሜ ይስጥልን። ያጣናቸውን ነፍስ ይማር። ያለነውን በሰላም ያገናኘን።